መጀመሪያ ቬንቲሌተሩን አጥፉት

አንድ አዛውንት ቢሯቸው ተቀምጠን ሁለት ሰዓት ሙሉ ታሪካቸውን አወጉኝ። ቤት ገብቼ ሳዳምጠው ከድምፃቸው ሥር «እምምም» የሚል ነገር አለ። ማይክሮፎኑን ረግሜ፣ ከሌለኝ ላይ አዲስ ገዛሁ። እዚያው ቢሮ ሌላ ሰው ብቀዳ ያው ሆነ! ለካ ጥፋተኛው ጣሪያው ላይ ያለው ቬንቲሌተር ነው። ጆሮዬ ለምዶት አልሰማሁትም።

አሜሪካ ውስጥ ላይጎ የሚባል የምርምር ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የስበት ሞገድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው እሱ ነው። 4 ኪሎ ሜትር በሚረዝሙ ክንዶቹ ከአንድ ፕሮቶን እጅግ ያነሰ ለውጥ ይለካል። እዚያም የሕንፃው አየር ማናፈሻ ንዝረት ልኬቱን ይረብሻል። ተመራማሪዎቹ ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ማናፈሻውን ለጥቂት ጊዜ ያጠፉታል። ረብሻው አብሮ ከጠፋ፣ ሲበራም ከተመለሰ፣ ምንጩ ተገኘ ማለት ነው።

እኛ ግን ቤት ውስጥም ሥራ ቦታም ነገር ሲበላሽ የምንረግመው ፊት ለፊታችን ያለውን ነው። የለመድነውን ድምፅ ማን ይጠረጥራል?

ወዳጆቼ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት አንዱን አጥፍታችሁ አዳምጡ። እኔ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገቤ ነበር። አዛውንቱ ግን ድጋሚ ሳንቀዳ አረፉ።