በእግር የገባ ብናኝ

ዘንድሮ ክፍል ውስጥ ስለ ናኖ ብናኝ ስንማር ነገሩን የሩቅ አገር ጉዳይ አድርገን ነበር የያዝነው። ከ100 ናኖሜትር ያነሰ ብናኝ ነው፤ አንዲት የራስ ጠጉር እንኳ ወደ 80,000 ናኖሜትር ትወፍራለች። መድኃኒት ውስጥ ይገባል፤ ቀለም ውስጥ ይገባል፤ ምግብም አልቀረውም። የአውሮፓ ኅብረት ምግብ ለማንጣት የሚጨመረውን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ እ.ኤ.አ. በ2022 ከልክሏል። «ታዲያ ይኼ ለነቀምቴ ሰው ምኑ ነው?» ተባባልን፤ ሳቅንም።

ለዕረፍት ወደ ሰፈራችን ስንመለስ ግን ነገሩን አዳዳ ደጃፍ አገኘነው።

አዳዳ የማናችንም አክስት አይደሉም፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ስለሚጠራቸው ነው። ሁለቱም እግራቸው ከጉልበት በታች አብጧል። ልጆች ሳለን በደጃቸው ስናልፍ አፍንጫችንን ይዘን እንሮጥ ነበር። «እርግማን ነው፣ ይጋባል» ይባል ነበራ! በቅቤ ያበሰሉትን ቡና ቀላ ይዘው ሲጠሩን አንዳችንም ቀርበን አናውቅም። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

ሕመሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተሠራ ስም ነው። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እርሱና ባልደረቦቹ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ኢትዮጵያውያን የተወሰደ የሊምፍ ዕጢ ሲመረምሩ አሉሚኒየም፣ ሲሊኮንና ብረት ያለበት የአፈር ብናኝ አገኙ። ብናኙ በአብዛኛው በማይክሮሜትር የሚለካ ስለሆነ ከናኖው ይተልቃል። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ሰውነት ጠርጎ ማውጣት ያቃተው ማዕድን ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራል?

ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈራችን ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ እግር ላይ ይለጠፋል። ደቃቁ በቆዳ በኩል ይገባል። ባዕድ አካልን የሚውጡት ሴሎች ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም። የሊምፍ ቧንቧው ይቆጣል፣ ይጠባል፣ ይዘጋል፤ ፈሳሹ ወደ ላይ መመለሻ ያጣና እግር ያብጣል። ትል የለበትም፤ አይጋባም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ ከ100 ሰው ወደ 3 የሚጠጋው ሕመሙ እንዳለበት አሳይቷል።

ይህንኑ ለአዳዳ በምናውቀው ቋንቋ ሁሉ ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና፣ «ታዲያ እህቴስ?» አሉ። «አንድ እርሻ ላይ፣ አንድ ጭቃ ውስጥ ነው ያደግነው። የእርሷ እግር ደህና ነው።»

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ፕራይስም ብናኙን ያገኘው በሕመምተኞቹ ብቻ ሳይሆን በጤነኞቹም ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን በሚለይባቸው ጂኖች በኩል ለሕመሙ የሚያጋልጥ ውርስ መኖሩን አሳዩ። እንግዲህ «ይህ ብናኝ ደህና ነው ወይ?» ብሎ ዕቃውን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። መጠኑ ምን ያህል ነው? ስንት ዓመት ተጠራቀመ? የማን ሰውነት ውስጥ ገባ? እነዚህም መጠየቅ አለባቸው።

«እርግማን አይደለማ» አሉ አዳዳ።

«አይደለም፣ አዳዳ።»

«ጫማ ነበራ መከላከያው!» አሉና ነጠላቸውን እግራቸው ላይ ጎተት አደረጉ። «መጀመሪያ ጫማ የገዛሁት ለልጄ ሠርግ ነው። ያን ጊዜ እግሬ አልገባም አለ።»

ምን እንመልስ? አሁንም ቢሆን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ መጠቅለልና ሰፋ ያለ ጫማ ማድረግ እብጠቱን እንደሚቀንስ፣ ትኩሳቱንም እንደሚያስታግስ ነገርናቸው። ለእሳቸው ግን አርባ ዓመት ዘግይተናል። በማግስቱ ከገበያ ሳሙናና ፋሻ ገዝተን ሄድን፤ በእግራቸው ልክ የሚሆን ጫማ ግን ፈልገን አጣን።

አዳዳ ቡና ቀላውን አቀረቡልን። በዚህኛው ጊዜ ተቀምጠን በላን። ጓደኞቻችን፣ በየሰፈራችሁ ከደጃቸው እየሮጣችሁ ያለፋችሁ ሰው አለ፤ ሂዱና ተቀመጡ።