ስንቱ ጸደቀ?

ጄኔቫ፣ ፕላንፓሌ ሜዳ ላይ ረቡዕና ቅዳሜ የቅራቅንቦ ገበያ ይቆማል። በቀዩ ጠጠር ላይ የማይዘረጋ ነገር የለም፦ የሟች መነጽር፣ ጆሮው የተሰበረ ስኒ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሰርግ ፎቶ። ባለፈው ቅዳሜ ከዚያ ሁሉ መሃል አንድ ብርቱካናማ የኦቮማልቲን ቆርቆሮ አየሁና እግሬ ቆመ። የእኛም እንዲህ ያለ ነበር።

ጊዜው ጥር 2013 ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ እዚህ ሲኖሩ ይለመዳል)። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደርሷል። ከፕላንፓሌ ሜዳ ጀርባ ባለች ጠባብ የሐበሻ ምግብ ቤት ተፋፍገን የዛምቢያን ጨዋታ እናያለን። በረኛችን በቀይ ወጥቶ በ10 ሰው ቀርተን ሳለ አዳነ ግርማ አገባ። የማን ሽሮ በማን ነጭ ሸሚዝ ላይ እንደተደፋ እስከ ዛሬ አልተጣራም። 1 ለ 1።

ጩኸቱ በረድ ሲል የደባርቅ ሰው የሆኑት ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «ዋልያ፣ ዋልያ ትላላችሁ። ለመሆኑ ምን በልቶ የት እንደሚያድር የሚያውቅ አለ?» አሉ።

አልነበረም። ግማሾቻችን ያየነው በሥዕል ብቻ ነው።

እሳቸው ግን ልባቸው እዚያ ነው የቀረው። ሰሜን ተራሮችን ዩኔስኮ በ1978 የዓለም ቅርስ አድርጎ እንደመዘገበው፣ በ1996 ደግሞ ለአደጋ ከተጋለጡት ተርታ እንዳስገባው በቁጭት ነገሩን። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲው በርንሃርድ ኒቨርገልት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ዋልያን ሲያጠና ኖሮ በ1981 መጽሐፍ ማውጣቱንም የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ያን ማታ ባለቤቲቱ ባዶውን ቆርቆሮ ከጓዳ አመጣች፤ ክዳኑ በቢላ ተሰነጠቀ፤ የመጀመሪያው 5 ፍራንክ ጓ ብሎ ገባ።

ከዚያ በኋላ ወር በገባ ቁጥር ቡና እየተፈላ ቆርቆሮው ይዞር ነበር። ለችግኝ ነው። ምን ዓይነት ችግኝ? እዚህ ላይ ነው የተጣላነው። ጋሼ ባሕር ዛፍ ሲሉ አንዷ ነርስ እህታችን ብድግ ብላ፣ «ዋልያን በባሕር ዛፍ? መሬቱን ሊመጠው?» አለች። ጋሼ ሳቁ። «ልጄ፣ ባሕር ዛፉ ለዋልያ አይደለም፤ ለምድጃ ነው። ገበሬው በደጁ የሚነድ እንጨት ካለው ፓርኩ ገብቶ አስታ አይቆርጥም። አስታ ደግሞ መጥረቢያና ከብት ከራቁለት ከጉቶው ራሱ ያቆጠቁጣል፤ የእኛን ገንዘብ አይፈልግም።» ነርሷ አልተዋጠላትም፤ በመጨረሻ ጽድና ኮሶ ይጨመር ተብሎ ታረቅን።

አንድ እሑድ በባቡር ዙሪክ ወረድን። እዚያ ያለው መካነ አራዊት የሰሜን ተራሮችን አስመስሎ የሠራው ገደል አለ፤ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ይውሉበታል። ጋሼ የአጥሩን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። «እነዚህ እኮ ገብሳችንን የበሉት ናቸው» አሉ፣ እንደ ዘመድ። ቀንዳሞቹን ሲያዩማ ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ጠቆረ። የኑቢያ አይቤክስ ነበሩ፤ የዋልያ ዘመዶች እንጂ ዋልያ አይደሉም። ዋልያ በየትኛውም መካነ አራዊት የለም። ከተራራው ከጠፋ ጠፋ ማለት ነው።

በክረምቱ ማብቂያ ደባርቅ ተደወለ፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ እኛ ዙሪያውን። «መተከሉንስ ተተክሏል» አለ ከወዲያ ያለው ሽማግሌ ድምፅ፤ «ስንቱ ጸደቀ በሉኝ እንጂ።» ከፊሉን ውርጭ መታው፣ ከፊሉን ፍየል ጨረሰው። እኛ የላክነው ለመትከያ ነው፤ ለአጥርና ለጠባቂ የሚሆን አንድ ሳንቲም አልቆጠርንም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ችግኙን ቀንሰን ሁለት ጎረምሳ ጠባቂ ቀጠርን። የሚያኮራን ያ ነው፤ ፎቶ ግን የለውም።

ፓርኩ በ2017 ከአደጋው መዝገብ ሲወጣ ምግብ ቤቷ ተዘግታ ነበር። ጋሼም በሕይወት አልነበሩም። ዛሬ መዋጮ የሚሰበሰበው በስልክ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ሒሳቡም ንጹሕ ነው፤ ቡና ግን አይፈላበትም፣ ባሕር ዛፍ ይሁን ኮሶ ብሎ የሚጣላም የለም።

ሻጩ ለቆርቆሮው 12 ፍራንክ አለኝ። ክዳኑ ደህና ነው፤ ቢላ አልነካውም። ሳላስበው አንስቼ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅሁት። ሻጩ፣ «ባዶ ነው፣ ሙስዩ» አለኝ።