ደጀን

መታጠፊያው ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ሃያ ብጠብቅ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ፣ ስድስት ሆነን ከግልገል በለስ በሞተር ወጣን። ሌላ ዓላማ የለንም፤ ዋናውን መንገድ ትተን በእግር መንገዱና በቀርከሃው መሀል ስንዞር ውለን ማታ መመለስ ብቻ። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ዓይነት ነገር በሉት፤ ግን ኬቲኤም የለም፣ የጉልበት መከላከያ የለም፣ ለስድስት ሰው ሦስት ሄልሜት ነው ያለን። ሁለት ያማሃ ዲቲ፣ አንድ ሆንዳ ኤክስኤል፣ ሁለት ቦክሰር፣ አንድ አፓቼ። ለእንዲህ ዓይነት መንገድ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ናቸው፤ እነሱም ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጡ፣ ባለሙያ ሲያመላልሱ ያረጁ። እኔ የያዝኩት የአጎቴን ልጅ ቦክሰር ነው።

ሐሳቡ የእኔ ነበር። አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ኮድ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ የኢንዱሮ ቪዲዮ አያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1913 የተጀመረ፣ ስድስት ቀን የሚፈጅ ዓለም አቀፍ ውድድር አለ፤ ተወዳዳሪው የተበላሸ ሞተሩን ራሱ ነው የሚጠግነው። ይሄ ነገር ይማርከኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. እገዳ ወዲህ ሞተር እንደ ልብ አይነዳም። ስለዚህ ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ "ለምን ጫካ አንወጣም?" አልኩ።

የልጅነት ጓደኛዬ ሳቀብኝ። "እኔ በየሳምንቱ እወጣ የለ እንዴ!" እሱ ነርስ ነው። የክትባት ሳጥን ከኋላው አስሮ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ይገባል። ለእሱ ሞተር መዝናኛ ሆኖ አያውቅም። ግን መጣ።

መሪያችን መካኒክ ነው፤ ማንዱራ ወረዳ ተወልዶ ያደገ የጉሙዝ ልጅ። ከመነሳታችን በፊት በሃይላንድ የተሞላ ቤንዚን አከፋፈለንና ሕጉን ነገረን። በቡድን የሚነዱ ሰዎች በብዙ አገር የሚጠቀሙበት ሕግ ነው። መሪው ከፊት ይሄዳል። መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው ይቆምና የሚታጠፍበትን አቅጣጫ ያሳያል። የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ ድረስ ንቅንቅ አይልም። እሱ ሲደርስ ከፊቱ ገብቶ ይቀጥላል። እንዲህ ከሆነ ማንም የፊተኛውን ላለማጣት ብሎ አቧራ ውስጥ መብረር የለበትም፤ ኔትወርክም አያስፈልግም።

የመጨረሻውን ሰው "ደጀን" አልነው። (የጎጃሟን ከተማ ማለቴ አይደለም።) ደጀን መሆን ያለበት መንገዱን የሚያውቅና የማይቸኩል ሰው ነው። ነርሱ ሆነ።

እኔ ሕጉን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ሙያዬ ነዋ። ሁለት ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ ተቀባዩ "ደርሶኛል" እስኪል ድረስ ላኪው መልእክቱን አይጥልም። "ይሄማ ፕሮቶኮል ነው" አልኩ። መካኒኩ "ስሙን አላውቅም፤ ብቻ እንዳትንቀሳቀስ" አለኝ።

ጠዋቱ አሪፍ ነበር። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ቆሟል፤ ሣሩ እዚህም እዚያም ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል። ሴቶች በትከሻቸው ባጋደሙት እንጨት በሁለቱ ጫፍ ሸክም አንጠልጥለው ሲመጡ መሪው ሞተሩን አጥፍቶ ያሳልፋቸዋል፤ እኛም እንደሱ። ቀስ በቀስ ገባኝ፤ ሁለተኛ ማርሽ፣ ተነስቶ በእግር መርገጫው ላይ መቆም፣ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ አለመያዝ፣ አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን አለመንካት። አንድ ደረቅ ወንዝ ስሻገር ሁለቴ ወደቅኩ። ከት ብለው ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅኩ።

አምስት ሰዓት ገደማ አንድ ትልቅ ዋርካ ጋ ደረስን። ሰፊው መንገድ ወደ ግራ ይሄዳል፤ መሪው ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀጭኗ ታጠፈ። ተራው የእኔ ነበር። ቆምኩ። አራት ሰው ማለፍ አለበት። ሦስቱ አለፉ። አራተኛው ደጀኑ ነው።

ከዚያ ጸጥ አለ።

ይህ ጸጥታ ምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። አያቴ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ ፓዌ የመጣ ነው። ያኔ የተመሠረቱት መንደሮች ስም ሳይሆን ቁጥር ነው የወጣላቸው፤ እስከ ዛሬም በቁጥር የሚጠሩ አሉ። ጫካው ተመነጠረ፣ በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ የጣና በለስ ፕሮጀክት መጣ፣ መንገድና ሆስፒታል ተሠራ። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። ጉሙዞች ያርሱበት፣ ያድኑበት፣ ማር ይቆርጡበት ነበር። እኛ ቤት ይህ ክፍል ብዙም አይወራም ነበር።

ከዚያ 2013 መጣ። ታኅሣሥ 14 ቀን ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ተገድሏል፤ በዞኑ ለቅሶ ያልገባበት ወገን የለም። እኔ በዚያው ዓመት የምህንድስና ዲግሪዬን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ጓደኛዬ ቀረ። እደውልለታለሁ፤ "ደህና ነን" ይለኛል፤ "ተመስገን" ብዬ እዘጋለሁ። በ2015 የክልሉ መንግሥትና የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። ሰውም ቀስ በቀስ መንገድ ጀመረ።

እንግዲህ ዋርካው ሥር ቆሜያለሁ። አሥር ደቂቃ ሆነ። ስልኬ ላይ ካርታ ስከፍት ሰማያዊዋ ነጥብ ባዶ ግራጫ መሀል ቆማለች። ሞተሩ እየቀዘቀዘ ቀጭ ቀጭ ይላል። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሆን ከረጅሙ ሣር ውስጥ ሁለት ሰዎች ወጡ። አንድ ሽማግሌና አንድ ጎረምሳ። ጎረምሳው ቀስት ይዟል፤ እዚህ አገር ቀስት መያዝ እንደ ዱላ መያዝ ነው፤ እያወቅኩ ያደግኩት ነገር ነው። ሽማግሌው እጁን አንስቶ በአማርኛ "ደህና ዋልክ" አለኝ። ቀጥሎ ሌላ ነገር መናገር ጀመረ።

ምን እንዳለ አልሰማሁም። "ጓደኛዬ በሌላ መንገድ ቀድሞኝ ይሆናል" አልኩ ለራሴ። አላመንኩትም። ሞተሩን አስነስቼ ወደ ቀኝ በረርኩ።

ሌሎቹን ያገኘኋቸው አንድ ዛፍ ሥር ውሃ ሲጠጡ ነው። መካኒኩ ቆጠረንና "ደጀንስ?" አለ።

"አልፎኛል መሰለኝ" አልኩ።

ውሸት ነው። እሱም አውቋል። አልተቆጣኝም፤ ክዳኑን ዘግቶ ሞተሩን አዞረ።

ዋርካው ጋ ስንመለስ ማንም የለም። መካኒኩ ወርዶ አቧራው ላይ ጎንበስ አለ። እኔ ሲስተም ሲወድቅ ሎግ እንደማነበው፣ መስመር በመስመር ያነባል። የዲቲው ጥርሳም ጎማ ፋና ወደ ግራ ሄዷል። ከጎኑ የጫማ ዱካ አለ፤ "እየገፋ ነው" አለ። ትንሽ እንደሄድን ግን ከኋላ ሁለት ዱካ ተጨመረ፤ አንዱ ባዶ እግር፣ አንዱ ኮንጎ ጫማ። አፌ ደረቀ። ስለ ሁለቱ ሰዎች የነገርኩት ያን ጊዜ ነው።

መካኒኩ ቀና ብሎ አየኝና በጣቱ መሬቱን አሳየኝ። "እየው፣ የጠለቀው ጣቱ ጋ ነው። ተረከዙ የለም። እንዲህ የሚረግጥ የሚገፋ ሰው ነው። አግዘውት ነው እንጂ!"

ሩቅ አልነበረም። ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ሦስት ጎጆ ያለበት ግቢ፣ ጓደኛዬ በቅል ውሃ ይዞ ተቀምጧል። ዲቲው ግድግዳ ተደግፏል፤ ካቴናው ተበጥሶ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሽማግሌው አጠገቡ ነው። እኔን ሲያይ ለመካኒኩ በጉሙዝኛ አንድ ነገር ተናገረና ሳቀ።

"ምን አሉ?" አልኩ።

"ጓደኛህ ሞተር እየገፋ እየመጣ ነው ልልህ ነበር የመጣሁት፣ ሳልጨርስ ሮጥክ፣ ነው የሚሉት።"

መልእክቱ መጥቶልኝ ነበር። ያልተቀበልኩት እኔ ነኝ። "ይቅርታ አባባ" አልኩ። እጄን ይዘው አስቀመጡኝ፤ ውሃ ቀረበልኝ። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ይህ ደግሞ ከመቆጣት የባሰ ነበር።

መካኒኩ ካቴናውን ሲቀጥል እኔና ጓደኛዬ ብቻችንን ቀረን።

"ስንት ጠበቅክ?" አለኝ።

"አሥራ አምስት ደቂቃ።"

ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ከቆየ በኋላ፣ "ያኔ ትደውልልኝ የለ?" አለኝ። "'ደህና ነን' ካልኩህ በኋላ ቶሎ ስልኩን አልዘጋውም ነበር። ሌላ ነገር እስክትጠይቀኝ ነበር የምጠብቀው። አንተ ቶሎ ነው የምትዘጋው።"

የምመልሰው አልነበረኝም። በእነዚያ ወራት ክትባት ይዞ ይወጣ እንደነበር፣ መንገድ ላይ ምን እንዳየ፣ ማን ደብቆ እንዳሳደረው የነገረኝ ያን ቀን ነው፤ ማንጎው ሥር፣ ካቴና እየተቀጠለ። ያሳደሩት ሰዎች ጉሙዞች ነበሩ። እኔ ለአምስት ደቂቃ ያላመንኳቸውን ሰዎች እሱ ሌሊቱን ሙሉ አምኗቸዋል። የነገረኝን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ የእሱ ነው።

ስንነሳ "በመልሱ ደጀን እኔ ልሁን" አልኩ። መካኒኩ ትንሽ አሰበና እሺ አለ።

ደጀን መሆን ማለት አቧራ መብላት ማለት ነው። የአምስት ሞተር አቧራ ብቻህን ትበላለህ። ማንንም አታይም፤ የምታየው በየመታጠፊያው የቆመ አንድ ሰው ብቻ ነው። መጀመሪያ መምህሩ፣ ቀጥሎ የአፓቼው ልጅ። እጃቸውን ያነሳሉ፣ እኔም አነሳለሁ፣ ከፊቴ ገብተው ይሄዳሉ።

ደረቁ ወንዝ ጋ ቦክሰሩ ጠፋብኝ። ካንዴላውን ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ ገጠምኩ፤ እምቢ አለ፤ እንደገና ፈታሁ። ሩብ ሰዓት ይሁን ግማሽ ሰዓት እንጃ። ፀሐይዋ እየዘቀዘቀች ነው፤ ግን አልፈራሁም ማለት እችላለሁ። በመጨረሻ ተነሳ።

የሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ የቆመው ጓደኛዬ ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሄልሜቱን መሪው ላይ አንጠልጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

"ቆየህ" አለኝ።

"ካንዴላ ነው" አልኩት።

ሄልሜቱን አጠለቀና ከፊቴ ገባ።