በአባቴ ሐውልት ላይ ምን ይጻፍ?

ለወላጃችሁ ሐውልት አሠርታችሁ ከሆነ፣ የቤተሰብ ክርክሩ ከዋጋው ይልቅ በጽሑፉ ላይ እንደሚበረታ ታውቃላችሁ። የአባታችን ሙት ዓመት ሲቃረብ ታላቅ እህቴ ፎቶግራፉ፣ የትምህርት ማዕረጉና ያስተማረባቸው ትምህርት ቤቶች በሙሉ ይቀረጹ አለች። እማዬ «ስሙና የክርስትና ስሙ ይበቃዋል» ብላ ዘጋችው። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ መጻፉ ለእኔ ተጣለ።

ባሕር ዳር ላደግን ሰዎች መቃብር ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰን ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ወንድ ከሆናችሁ (እህቶቼን ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል) ጣናን በጀልባ ተሻግራችሁ የነገሥታቱን አጽም በመስታወት ውስጥ ታያላችሁ። ዘርዐ ያዕቆብ፣ ፋሲል እየተባለ በየስማቸው ይነገራችኋል። መቃብር ሁሉ ስም ያለው ይመስለኝ ነበር።

ይህን ሐሳቤን ያናጋው ጢያ ነው። ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት ሳምንት፣ ቅዳሜን ተጠቅሜ በቡታጅራ መንገድ ሶዶ ድረስ ወርጄ አየሁት። 36 ትክል ድንጋዮች ናቸው፤ 32ቱ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር አለ፤ በቁፋሮ አጽም ወጥቷል። ላያቸው ላይ ጎራዴ አለ፣ ክብ አለ፣ ቅጠል የሚመስል ነገር አለ። ስም ግን የለም።

እኛ ቢሮ አንድ አርማ ለማጽደቅ ሦስት ጊዜ እንሰበሰባለን፣ ከዚያም ትርጉሙን የሚያስረዳ ገጽ እንጨምርበታለን። የጢያ ሰዎች ማብራሪያ ያስፈለጋቸው አይመስለኝም፤ ምልክቱን ያየ ሁሉ የማን መቃብር እንደሆነ ያውቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ። የሚያውቁት ሲያልቁ ድንጋዩ ሌላ ባለቤት አገኘ። «የግራኝ ድንጋይ» ተባለ። ግራኝ አሕመድ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ መቃብሮቹ ግን በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ይቀድሙታል። የጎራዴው ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ ከሞተ በኋላ በተወለደ ሰው ስም ይጠራል።

ይህን ሁሉ አይቼ እንኳ ምልክት አማረኝ። አባቴ የሐይቅ ዳር ልጅ ነበር፤ ታንኳ መቅዘፍ ይወድ ነበርና ከስሙ በላይ ትንሽ ታንኳ እንድትቀረጽ ንድፍ ሠርቼ አሳየሁ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አየችውና «ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያየው ልጅ፣ ዓሣ አስጋሪ ነበር ይላል» አለች። እህቴ ሳቀች። በዚህ ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን የሳቅነው ያን ቀን ነው።

ታንኳውም ፎቶግራፉም ቀረ። ሐውልት ሠሪው የሚያስከፍለው በፊደል ቁጥር ነው። ከስሙ ፊት «መምህር» የሚል፣ አራት ፊደል አስጨመርኩ።