ወረቀቴ ካርቱም ቀረ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ሹር ነበር። ካርቱም ውስጥ በውጭ ተማሪዎች ማደሪያ ከአንድ የሶማሊያ ልጅ ጋር እኖር ነበር። እሱ በረመዳን፣ እኔ አክፍዬ፤ ሁለታችንም ባዶ ሆድ ሳለን ጠዋት የሱዳኑ ጦርነት በተኩስ ጀመረ። የዚያን ዓመት ፋሲካ የፈሰክሁት በደረቅ ዳቦና በውሃ ነው፣ ከአልጋ ሥር ተኝቼ።

ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጥቶ የጠራኝ የሱዳን መንግሥት ነበር። ትምህርቱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡ በእሱ። ከአፍሪካ ዙሪያ እንዲህ የተጠራን ብዙ ነበርን፤ ውለታውን አልክድም። ብቻ ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) እንዲታደስ ፓስፖርቴን ለዩኒቨርሲቲው ካስረከብሁ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። ቢሮው ተዘጋ። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ።

በዘጠነኛው ቀን ወጣን። ወድ መደኒ፣ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ገላባት። የአውቶቡሱ ዋጋ በየፌርማታው ይጨምራል፤ ስልኬን ሸጬ ሞላሁ። ድልድዩን ተሻግሬ መተማ ዮሐንስ ስገባ በእጄ የነበረው በዐረብኛ የተጻፈ የተማሪ መታወቂያ ብቻ ነው። ገንዳ ውሃ ያለው ቤታችን ቅርብ ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ሐሩር ተሰልፌ ኢትዮጵያዊነቴን ሳስረዳ ዋልሁ። ሶማሊያዊው ጓደኛዬ ፓስፖርት ስለነበረው ቀድሞኝ ወደ ጎንደር ተሳፈረ።

እናቴ የሁለት ኩንታል ሰሊጥ ገንዘብ ለጉዞዬ ያወጣች ሴት ናት። ስታየኝ አላለቀሰችም። «ጫማህስ?» አለችኝ። ለካ በአንድ እግሬ ብቻ ነበር የተጫማሁት።

ከባዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርቴን ልቀጥል ብዬ የሄድሁበት ቢሮ ሁሉ «ዋናውን የውጤት ማስረጃ አምጣ» ይለኛል። አብሮኝ ይማር የነበረ ሱዳናዊ ኩመር የስደተኞች መጠለያ ነበር። ለእሱ ቢያንስ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 አለ፤ ውጭ የተገኘ የትምህርት ማስረጃ ዕውቅና ስለሚያገኝበት መንገድ ይናገራል። ድንኳን ውስጥ ላለ ሰው አዋጅ እንጀራ አይሆንም፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ስደተኛ አይደለሁም፤ አገሬ የገባሁ ዜጋ ነኝና አዋጁ አይመለከተኝም። የአምስት ሴሚስተር ድካሜ በሁለት አገር መካከል ባለቤት አጣ።

ዘንድሮ ከአንደኛ ዓመት ጀምሬያለሁ። ልጃችሁን ለትምህርት ውጭ የምትልኩ ወላጆች፣ ፓስፖርቱን ማን እንደሚይዝበት ሳይሄድ ጠይቁ። ውጤቱንም በየሴሚስተሩ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።