ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

በስልክ የጠየቅኸኝ ነገር በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይኸው ብዕር አነሣሁ። አሜሪካ ያላችሁ የከተማችን ልጆች ገንዘብ አዋጥታችሁ የቀበሌያችንን አዳራሽ ልታሳድሱ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። በሩ ላይ የሚለጠፈውን ታሪክ እኔ እንድጽፍ መምረጣችሁም ክብር ነው። ግን ልጄ፣ ታሪኩ ሁሉ ለበር ጌጥ የሚሆን አይደለም።

ከሥሩ ልጀምርልህ። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩትን ቤቶች የሚያስተዳድር፣ የሰፈር ጠብም የሚዳኝ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር በየቦታው ተቋቋመ፤ ቀበሌ ያልነው እሱን ነው። ማኅበር ካለ ስብሰባ አለ፣ ስብሰባ ካለ አዳራሽ ያስፈልጋል። የእኛው የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት እንኳ አልነበረውም። ግድግዳውን ነድለው መስኮት ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ወንዶቹ ጭቃ ረገጡ፣ እኛ ሴቶች ውኃ አመላለስን። "መንግሥት ሠራው" የሚልህ ካለ አትስማው። የሠራነው እኛ ሆነን ሳለ ግን ቁልፉ የቀበሌው ሊቀ መንበር ኪስ ገባ።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። በ1969 እና በ1970 በየከተማው ስንት የቀበሌ አዳራሽ እስር ቤት ሆነ፤ የእኛም አልቀረለትም። ቁልፉን አብዮት ጥበቃዎች ያዙት። ጧት ጧት እናቶች ምግብ ይዘው በሩ ላይ ይሰለፋሉ። ዕቃው ባዶውን ሲወጣ ልጁ በልቷል፣ አለ ማለት ነው። ምግቡ ሳይነካ የተመለሰላት እናት ግን ማንም ምንም ሳይነግራት ይገባታል። ጮኻ ማልቀስም አትችልም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወደ ቤቷ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ያው አዳራሽ መማሪያ ሆነ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲታወጅ እኔ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። ሰሌዳችን ሣንቃ ነው፤ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን በጥቁር ዱቄቱ አጠቆርነው። ማታ ማታ በማሾ ብርሃን ሀሁ እንቆጥራለን። ጠላ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት ነበሩ። እርሳሱን እንደ ዘነዘና ጨብጠው ወረቀቱን ይበሱታል፤ "እጄ ለሥራ እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም" ይላሉ፤ ግን አንድም ቀን አይቀሩም። ዘመቻው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። የእኔ ሽልማት ግን ቀበሌ ሱቅ ውስጥ ነው የመጣው። ስኳር ሲታደል ጸሐፊው እንደ ልማዱ ለእኚያ እናት የአውራ ጣት ቀለም ቢያቀርብላቸው፣ "እሱን አንሣና ብዕሩን ስጠኝ" አሉት። ሰልፉ ሁሉ ጸጥ ብሎ እየጠበቃቸው ስማቸውን ቀስ ብለው ጻፉ።

ይህን ዘመቻና ያንን እስር ያመጣው መንግሥት አንድ ነው፤ ክፍሉም አንድ ነው። ለዚህ ነው ታሪኩን ከፍሎ መጻፍ የማይሆንልኝ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሊቀ መንበሩ ጠፋ፤ ቁልፉም አብሮት ጠፋ። ያን ጊዜ የእድራችን ሽማግሌዎች ጓጉንቸሩን ሰብረው አዲስ አስገቡና ቁልፉን የእድሩ ዳኛ ቤት ምስማር ላይ ሰቀሉት። የአዳራሹ ደጉ ዘመን የምለው ያንን ነው። ለቅሶ ሲሆን ዝናብ ያባረረው ሰው ይጠለልበታል፣ ድንኳን መትከል ያቃተው ድሃ ልጁን ይድርበታል፣ ማታ ተማሪ ያጠናበታል። አንተም ለሚኒስትሪ ፈተና ያጠናኸው እዚያ ነው፤ አምፖሉ ሲቃጠል በየተራ ነበር የምንገዛው።

በኋላ ቁልፉ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተመለሰ። ስብሰባ ሲኖር ይከፈታል፣ ምርጫ ሲደርስ ይከፈታል፣ ለሠርግና ለእግር ኳስ ማሳያ በገንዘብ ይከራያል። ተማሪ ሲጠይቅ "ደብዳቤ አጽፈህ ና" ይባላል። ቆርቆሮው የዛገው፣ ኮርኒሱ የረገፈው በዚህ መሀል ነው። የእኔ ነው የሚለው ሰው የሌለው ቤት ማን ያድሰዋል?

እንግዲህ የምለምንህ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሩ ላይ በሚለጠፈው ጽሑፍ ሀሁ ያስቆጠርንበትን ብቻ አትጻፉ፤ ልጆቻቸውን እዚያ በር ላይ ያጡት እናቶችም ይጻፉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ዛሬም በዚያ በር ያልፋሉ። ሁለተኛ፣ ስለ ቆርቆሮውና ስለ ሴራሚኩ ከመነጋገራችሁ በፊት ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን ተነጋገሩ። ሦስት ቁልፍ ተሠርቶ አንዱ በቀበሌው፣ አንዱ በእድሩ፣ አንዱ በሰፈሩ ትምህርት ቤት እጅ ይሁን፤ ለለቅሶና ለተማሪም ያለ ክፍያ ይከፈት። ይህ በጽሑፍ ሆኖ ሦስቱም ሳይፈርሙበት አንድ ዶላር እንዳትልኩ።

ልጆቹን ሳምልኝ። እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

እናትህ