የጋብቻ ጠበቃው ንጉሥ

ከእንግሊዝ አገር ለእረፍት የመጣ ዘመድ ኪሱ ውስጥ የቀረውን ሳንቲም ለልጆች ማደሉ አይቀርም። አንዱ እጃችሁ ከገባ በንጉሡ ወይም በንግሥቲቱ ምስል ዙሪያ የተቀረጸውን ጽሑፍ ልብ ብላችሁ እዩት። «ኤፍ ዲ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች አሉበት፤ በእኛ ቋንቋ «የእምነት ጠበቃ» ማለት ናቸው። በ1849 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ አንድ ሳንቲም ላይ እነዚህ ፊደሎችና የእግዚአብሔር ስም ቢቀሩ፣ ሕዝቡ «እግዜር የለሹ» ብሎ ስም አወጣለት፤ መንግሥትም ደንግጦ መለሳቸው።

እኔን የሚያስቀኝ ማዕረጉ መጀመሪያ የተሰጠው ሰው ነው። ሄንሪ 8ኛ ነው፤ ስድስት ሚስት ያገባው።

ነገሩ የሆነው በ1521 ነው። ማርቲን ሉተር ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አብዛኞቹን፣ ጋብቻን ጭምር፣ ምሥጢር አይደሉም ብሎ ጽፎ ነበር። ወጣቱ ንጉሥ ተቆጣና በላቲን መልስ ጻፈ፤ ስለ ጋብቻ ቅድስናም አጥብቆ ተሟገተ። ሮም ላይ ፖፕ ሊዮ 10ኛ በመጽሐፉ ተደስተው ማዕረጉን ሰጡት። ወዳጁ ቶማስ ሞር ግን ረቂቁን አይቶ «የፖፑን ሥልጣን እንዲህ አታግንነው፤ ነገ ብትጣሉስ?» የሚል ምክር ሰጥቶት ነበር። ንጉሡ አልሰማም። በ1535 የሞርን አንገት ያስቆረጠው፣ የቤተ ክርስቲያን የበላይ ፖፑ ሳይሆን ንጉሡ ነው ብለህ አልማልክም ብሎ ነው።

መጽሐፉን ሲጽፍ ሚስቱ የአራጎኗ ካትሪን ነበረች። መጀመሪያ የወንድሙ የአርተር ሚስት ነበረች፤ አርተር በተጋቡ በወራት ውስጥ ሞተ፤ ሄንሪ ዋርሳውን በፖፑ ፈቃድ በ1509 አገባ። ቀላል ሴት አልነበረችም። በ1513 እርሱ ፈረንሳይ ሲዘምት አገሩን ለእርሷ አደራ ሰጥቶ ሄደ። ስኮትላንዶች ድንበር ጥሰው ገቡ፤ ፍሎደን ላይ ንጉሣቸው ተገደለ፤ ካትሪንም የሟቹን ደም የነካው ልብስ ለባሏ ላከችለት። ሬሳውንም መላክ ፈልጋ ነበር፤ የእንግሊዞች ልብ አልቻለውም።

ወንድ ልጅ ግን አልቆየላትም። አን ቦሊን የምትባል ሴት የንጉሡን ልብ ስትወስደው፣ ሰውየው ኦሪት ዘሌዋውያንን ገልጦ የወንድሙን ሚስት ያገባ ያለ ልጅ ይቀራል የሚለውን አገኘ። ዘዳግም ውስጥ ደግሞ የሞተ ወንድምህን ሚስት አግባ ተብሏል፤ እርሱን ገጽ ዘለለው። ሴት ልጁ ሜሪም በሕይወት ነበረች፤ እርሷን እንደ ልጅ አልቆጠራትም ማለት ነው።

ጋብቻው ይፍረስልኝ ብሎ ፖፑን ስለጠየቀ በ1529 ለንደን ላይ ችሎት ተሰየመ። ካትሪን ሕዝብ እያየ ባሏ እግር ሥር ተንበረከከች። ሲያገባት ድንግል እንደነበረች ተናግራ የገዛ ሕሊናውን ምስክር ጠራች። ከዚያ ተነሥታ ወጣች። ሦስት ጊዜ ስሟ ተጠራ፤ ዞራም አላየች። ፖፑስ ቢሆኑ ምን ያድርጉ? ከሁለት ዓመት በፊት ሮምን የዘረፈው፣ እርሳቸውንም ያገተው የንጉሠ ነገሥቱ የቻርልስ 5ኛ ጦር ነበር፤ ቻርልስ ደግሞ የካትሪን የእህቷ ልጅ ነው። ፍቺው ሲጓተት ሄንሪ አንን አገባ፤ በ1534ም የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ከሮም ቆርጦ ራሱን አናቷ ላይ አስቀመጠ።

በእኛ አገር ይኸው ነገር ተገልብጦ ይገኛል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ሲያውጁ፣ ከመጀመሪያዋ ሚስታቸው በቀር ሌሎቹን ማሰናበት ነበረባቸው። አንዱ ሚስት ለመለወጥ ከሮም ወጣ፣ ሌላው ሚስት ቀንሶ ወደ ሮም ገባ፤ በሁለቱም አገር ደም ፈሰሰ።

አን ስታረግዝ የልደት ማብሰሪያው ደብዳቤ «ልዑል ተወለደ» ተብሎ አስቀድሞ ተጻፈ። የተወለደችው ኤልሳቤጥ ሆነች፤ ጸሐፊዎቹ ቃሉ ጫፍ ላይ አንዲት ፊደል ሸጉጠው ልዕልት አደረጉት። በ1536 አን በዝሙትና በክህደት ተከሰሰች። አንገቷ በሰይፍ ሊቆረጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ሊቀ ጳጳሱ ጋብቻው ከመነሻውም አልነበረም ብለው ወሰኑ። ሚስቱ ካልነበረች በማን ላይ ነው ያመነዘረችው? ይህን የጠየቀ አልተገኘም። ሬሳዋ የቀስት ፍላጻ ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ ተቀበረ፤ የሬሳ ሣጥን እንኳ ያዘጋጀላት አልነበረም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጄን ሲሞርን አገባ። ወንድ ልጅ ወለደችለትና አራስ ቤት ሞተች።

ቀጥላ የክሌቭዝዋ አን መጣች፤ ዛሬ በፎቶ እንደሚታጩት ሙሽሮች እርሷም ሠዓሊው ሆልባይን በሣላት ሥዕል ታይታ ነው። ሄንሪ ሊያስደንቃት ልብስ ለውጦ ያለችበት ድረስ ሄደ፤ ሙሽራይቱም ማን እንደሆነ አላወቀችውምና ችላ አለችው። ቂሙ ከዚያ የጀመረ ይመስለኛል። ጋብቻው በስድስት ወር ሲፈርስ አልተከራከረችም፤ «የንጉሡ እህት» ተባለች፣ ቤተ መንግሥትና ርስት ተሰጣት፣ ከሁሉም በኋላ ሞተች። ከስድስቱ ብልጧ እርሷ ናት። ጋብቻውን ያደራጀው ክሮምዌል ግን አንገቱ ተቆረጠ፤ በዚያው ቀን የ49 ዓመቱ ንጉሥ ወጣቷን ካትሪን ሃዋርድን አገባ። እርሷም በ1542 አንገቷ ተቆረጠ። በዋዜማው የምትታረድበትን ግንድ ክፍሏ ድረስ አስመጥታ አንገቷን እንዴት እንደምታስቀምጥ ስትለማመድ አመሸች።

ስድስተኛዋ ካትሪን ፓር በስሟ መጽሐፍ ያሳተመች የተማረች ሴት ነበረች። በሃይማኖት ትከራከረው ነበርና ማሰሪያ ወረቀት ተጽፎባት ነበር። ይህን ደርሳበት «የምከራከረው ከአንተ ለመማር፣ የእግርህንም ሕመም ለማስረሳት ነው» ብላው ተረፈች ይባላል።

ሮም ማዕረጉን ነጥቃው ነበር፤ በ1544 የራሱ ፓርላማ በሕግ አጸናለት። ስድስተኛዋን ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ደግሞ በራሱ ሕግ ብንሄድ ሚስቶቹ ስድስት አይደሉም፤ ሦስቱ ጋብቻዎች «አልነበሩም» ተብለዋል። ስለ ጋብቻ ቅድስና የጻፈው ንጉሥ ያመነው ሦስቱን ብቻ ነው።

የአራጎኗ ካትሪን በ1536 ስትሞት በዛሬው የፒተርቦሮ ካቴድራል የተቀበረችው የአርተር መበለት ተብላ ነበር። ዛሬ መቃብሯ ላይ በወርቅማ ፊደል «የእንግሊዝ ንግሥት» ተብሎ ተጽፏል። ለንደን ያላችሁ፣ በባቡር አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሮማን የግል ዓርማዋ ስለነበር ጎብኚዎች ሮማን ያስቀምጡላታል፤ እናንተም ስትሄዱ አንድ ያዙላት።